ጋታ፦ የአርመኖችን የበዓል ዳቦ በቤት ጋግሮ በስጦታ መስጠት

ከአርመኒያ ዋና ከተማ ከየሬቫን ተነሥቶ ወደ ጌጋርድ ገዳም የሚወጣ ሰው ከገዳሙ በር ሳይደርስ ክብ ክብ ዳቦ በጠረጴዛ ላይ ደርድረው የሚሸጡ ሴቶችን ያገኛል። የዳቦው ወርድ ከአንድ ስንዝር ያልፋል። ላዩ እንቁላል ተቀብቶ ጠይሟል፤ በሹካ ጥርስና በቢላ ጫፍም ሐረግ፣ መስቀል ወይም ፀሐይ ተሥሎበታል። ስሙ ጋታ ይባላል። ተሳላሚው አንዱን ሙሉውን ገዝቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ እዚያ ተቆርሶ ለቤተሰብና ለጎረቤት ይዳረሳል። ይህ መመሪያ ያንን ክብ ጋታ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጋግሩ፣ እንደሚያስጌጡና ጠቅልለው እንደሚሰጡ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ጌጋርድ ራሱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ የሚሆን ቦታ አይደለም። ዋናው ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1215 የተሠራ ሲሆን፣ ከጎኑ ያሉት ክፍሎች ልክ እንደ ላሊበላ ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ገዳሙ ከላይኛው የአዛት ሸለቆ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አርመኖችንም ከሩቅ አናውቃቸውም። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ ወላጅ አልባ ልጆች፣ የእነርሱንም የሙዚቃ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያንን ያልሰማ ጥቂት ነው፤ የዘመኑን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸውና ቤተ ክርስቲያናችንም በሃይማኖት እኅትማማች ናቸው። ጾማቸውም እንደኛ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚያርቅ ስለሆነ፣ ከፍስኩ ጋታ ቀጥሎ የጾሙንም ጨምሬያለሁ።

ጋታ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በየሬቫን ዳቦ ቤቶች ሊጡ በስሱ ተዳምጦ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ተጠቅልሎ በትንንሹ የሚቆረጠው ይበዛል። እርሱም ይጣፍጣል፤ ከሻይ ጋር ለመብላት የተመቸ ነው። ለስጦታ ግን ትልቁን ክብ እመርጣለሁ። ትንንሾቹ ካርቶን ውስጥ ገብተው ከማንኛውም ብስኩት ጋር ይመሳሰላሉ። ክቡ ግን የጋጋሪውን እጅ ጽሑፍ ይዞ ይሄዳል፤ ተቀባዩም ቢላ አንሥቶ ለሌላው እስኪቆርስ ድረስ ሙሉ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ምን ያስፈልጋል

ከዚህ በታች ያለው መጠን 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያላቸው ሁለት ጋታዎች ይወጣዋል። አንዱ ለስጦታ፣ ሌላው ለቤት ነው። የቤቱ ልጆች የዳቦ ሽታ ሸትቷቸው ባዶ እጃቸውን መቅረት የለባቸውም።

ለሊጡ፦
500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ለመዳመጫም ጥቂት ተጨማሪ
200 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ
200 ግራም ወፍራም እርጎ
1 እንቁላል
50 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት
5 ግራም ደረቅ የዳቦ እርሾ
2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው

ለውስጡ፦
240 ግራም የፉርኖ ዱቄት
150 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ለስለስ ያለ ነገር ግን ያልቀለጠ
180 ግራም ደቃቅ ስኳር
አንድ ቁንጥር ጨውና ጥቂት ቫኒላ
ከተፈለገ 60 ግራም በደቃቁ የተከተፈ ዋልነት

ለላዩ፦
2 የእንቁላል አስኳል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ወተትና አንድ ቁንጥር ስኳር

ስለ ቅቤው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የዚህ ዳቦ ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረው የወጥ ቅቤያችን ለዚህ አይሆንም፤ ቅመሙ የወተቱንና የቫኒላውን መዓዛ ይውጠዋል። ያልተነጠረ ለጋ ቅቤም ውኃና አሬራ ስለሚይዝ ሊጡን ያላላዋል። አርመኖች ግን ለውስጡ ያለ ቅመም የተነጠረ ቅቤ መጠቀም ልማዳቸው ነው። በቤትዎ ያለ ቅመም ቅቤ ማንጠር ከቻሉ ለውስጡ በ150 ግራሙ ፈንታ 120 ግራም ያድርጉ፤ ውኃው ስለወጣለት ያነሰው ይበቃል። ለሊጡ ግን የገበታ ቅቤ ይሻላል። ማርጋሪን አታድርጉ። ርካሽ ነው፣ ቅርጽም ይይዛል፣ ነገር ግን ምላስ ላይ ይቀራል፤ ጋታውም በማግሥቱ የሰም ጣዕም ይኖረዋል። ቅቤ የሚገዛ ገንዘብ ከሌለ ትንሽ ጋታ መጋገር ትልቅ የማርጋሪን ጋታ ከመጋገር ይበልጣል።

እርጎው ማጹን የሚባለውን የአርመኖች እርጎ ይተካል። ውኃ ያቀረረ ከሆነ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥረው ለአንድ ሰዓት ያህል አንጠልጥለው ያጥልሉት፤ ከዚያ በኋላ 200 ግራም ይመዝኑ።

ሊጡን ማዘጋጀት

እርሾውን ከአንድ ቁንጥር ስኳር ጋር በለብ ያለው ወተት በጥብጠው አረፋ እስኪያወጣ ለ10 ደቂቃ ያስቀምጡት። ወተቱ ጣት የማያቃጥል መሆን አለበት፤ የፈላ ወተት እርሾውን ይገድለዋል።

ዱቄቱን፣ የቀረውን ስኳርና ጨውን በሰፊ ዕቃ ያዋሕዱ። ቀዝቃዛውን ቅቤ በትንንሹ ቆርጠው ይጨምሩና በጣት ጫፍ እያሹ ከዱቄቱ ጋር ፍርፍር እስኪል ድረስ ይፈትጉት። መዳፍ ቅቤውን ስለሚያቀልጠው በጣት ጫፍ ብቻ ይሥሩ። የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ የቅቤ ቁራጮች ቢቀሩ አያስጨንቅዎ፤ ሊጡን የሚያላልጡት እነርሱ ናቸው።

መሀሉን ጎድጎድ አድርገው እርጎውን፣ የተመታውን እንቁላልና እርሾውን ይጨምሩ። በእንጨት ማንኪያ ያማስሉና ሲያያዝ በእጅ ይሰብስቡት። እዚህ ላይ የእንጀራም የዳቦም ሊጥ አቡክቶ የኖረ እጅ የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ማሸት። የዳቦ ሊጥ በታሸ ቁጥር ይጠነክራል፤ የጋታ ሊጥ ግን ሲጠነክር ይደርቃል፣ ሲዳመጥም ወደ ኋላ እየተሰበሰበ ያስቸግራል። ተያይዞ አንድ ከሆነ በኋላ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በላይ አይሹት። እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይጨምሩ፤ ትንሽ መለስለሱ ግን የሚፈለግ ነው።

ሊጡን ሁለት ቦታ ከፍለው ያድቦልቡሉት፣ በላስቲክ ሸፍነው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት። ሁለት ሰዓት ዝቅተኛው ነው። ማታ አቡክቶ ጠዋት መጋገር ግን የተሻለ ጣዕም ይሰጣል፤ ቅቤው ይጠነክራል፣ ዱቄቱ እርጥበቱን ይጠጣል፣ እርሾው በቀስታ ይሠራል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ሊጥ ቶሎ ስለሚነሣ ይህ ቀዝቃዛ ዕረፍት በተለይ ይጠቅማል። እርሾውንም 5 ግራም ብቻ ያደረግሁት ለዚሁ ነው፤ ቆላ ያለ ሰው 7 ግራም ቢያደርግ ይችላል።

የጋታ ልብ፦ ኾሪዝ

በሊጡ ውስጥ የሚገባው ጣፋጭ ፍርፍር ኾሪዝ ይባላል። ዱቄት በዱቄት ውስጥ መጨመር ለሰሚው ግራ ይሆናል፤ ሲጋገር ግን ቅቤና ስኳሩ ዱቄቱ ውስጥ ገብተው ሲነከስ የሚፈረፈር፣ አፍ ውስጥም የሚሟሟ ንብርብር ይሠራሉ። ጋታን ከሌላ ጣፋጭ ዳቦ የሚለየውም ይህ ነው።

ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ጨውንና ቫኒላውን ቀላቅለው የለሰለሰውን ቅቤ በጣት ይሹበት። ዋልነት ካለ በመጨረሻ ይገባል። የደረሰ መሆኑን የሚያውቁት እፍኝ ሙሉ ይዘው ሲጨብጡት ነው፦ ተይዞ ቅርጽ ይሠራል፣ በጣት ሲነካ ደግሞ ይፈርሳል። ጭራሽ ካልተያዘ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ፣ እንደ ሊጥ ከተለጠጠ ጥቂት ዱቄት ይጨምሩ። የቀለጠ ቅቤ ያፈሰሱበት እንደሆነ ኾሪዙ ይጠነክርና ሲጋገር እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ቅቤ ማቅለጥ ትልቁ የጋታ ጥፋት ይኸው ነው። ወዲያው የማይጠቀሙበት ከሆነ ሸፍነው ያቀዝቅዙት።

መቋጠርና መዳመጥ

ሊጡን ከማቀዝቀዣ አውጥተው 15 ደቂቃ ያህል ይተዉት። በዱቄት በተነሰነሰ ጠረጴዛ ላይ አንዱን ድቡልቡል 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ እስኪኖረው ይዳምጡ። ጠርዙን ከመሀሉ ይልቅ ያሳሱት፤ ጠርዙ ወደ መሀል ሲሰበሰብ ስለሚደራረብ፣ ካልሳሳ ከሥር ወፍራም ጥሬ ሊጥ ይቀራል።

የኾሪዙን ግማሽ መሀሉ ላይ ክምር አድርገው ያስቀምጡና ጠበቅ ጠበቅ ያድርጉት። ጠርዙን ዙሪያውን እያነሡ ወደ መሀል ሰብስበው ይቋጥሩት፣ ቋጠሮውንም በጣት ቆንጥጠው በደንብ ይዝጉት። ከዚያ ገልብጠው ቋጠሮውን ወደ ታች ያድርጉ። አሁን 10 ደቂቃ ያሳርፉት። ይህን ዕረፍት የዘለለ ሰው ሊጡ ሲቀደድና ኾሪዙ ሲፈስ ያያል።

ካረፈ በኋላ መጀመሪያ በመዳፍ ከመሀል ወደ ዳር ቀስ እያሉ ይጫኑት፤ ኾሪዙ በእኩል የሚዳረሰው በዚህ ነው። ቀጥሎ መዳመጫውን ያለ ኃይል እያንከባለሉ፣ ዳቦውንም በየጊዜው እያዞሩ ወርዱን 25 ሴንቲ ሜትር ያድርሱት። ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ይገባል። ላዩ ላይ የተቀደደ ቢኖር ከጠርዙ ትንሽ ሊጥ ወስደው ይለጥፉበት፤ በእንቁላሉ ሥር አይታይም። መጋገሪያ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ ያስቀምጡትና ሁለተኛውንም እንዲሁ ያድርጉ።

ላዩን መሣል

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ ለዚህም ጊዜ ስጡት እላለሁ። በጋታ ላይ የሚሣለው ነገር በአርመን ምድር ሁሉ ይታያል። ኻችካር የሚባሉት የድንጋይ መስቀሎች፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ የመዘገበው ጥበብ፣ ብዙውን ጊዜ ከመስቀሉ ሥር ክብ የፀሐይ ወይም የጽጌረዳ ጌጥ አላቸው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የወይን ዘለላና ሮማን ተቀርጿል። የሚሽከረከር ፀሐይ የሚመስለው የዘላለም ምልክትም በድንጋይ፣ በእንጨትና በምንጣፍ ላይ ይገኛል።

አስኳሉን ከወተቱና ከስኳሩ ጋር መትተው በወንፊት ያጥልሉት። ጋታውን በብሩሽ በስሱ አንድ ጊዜ ቀብተው 10 ደቂቃ እንዲደርቅ ይተዉት፤ ከዚያ ሁለተኛ ይቅቡ። ወዲያው፣ ሁለተኛው ቅብ ገና እርጥብ ሳለ ይሣሉ። የሹካው ጥርስ ቅቡን ሲገፋ መስመሩ ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል፣ የቀረው ይጠይማል፤ ሥዕሉ የሚወጣው በዚህ የቀለም ልዩነት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተቀባ ጋታ ሥዕሉ ይደበዝዛል።

የዘላለምን ምልክት ለመሣል የቡና ሲኒ አፍ መሀል ላይ ቀስ አድርገው ይጫኑ፤ ትንሽ ክብ ይወጣል። ከዚያ ክብ ጫፍ ጀምረው ወደ ዳቦው ዳር የሚሄዱ ስምንት የታጠፉ መስመሮች በቢላ ጀርባ ይሣሉ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ መታጠፍ አለባቸው፤ አንዱ ወደ ሌላ ከዞረ ሽክርክሪቱ ይጠፋል። በየመስመሮቹ መካከል ያለውን ቦታ አንዱን በሹካ ቀጥ ባለ መስመር ይሙሉ፣ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ይተዉ። በመጨረሻ ጠርዙን ዙሪያውን በሹካ ጥርስ እየተጫኑ ክፈፍ ያድርጉለት። እጅዎ ካልደፈረ በመረብ ይጀምሩ፦ በሹካ ትይዩ መስመሮች፣ በላያቸው ሰያፍ መስመሮች። ጌጋርድ በር ላይ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ከዚህ የተለየ ጌጥ የላቸውም፤ ያምራሉም።

ለስጦታ ከሆነ የተቀባዩን ስም የመጀመሪያ ፊደል መሀል ላይ መጻፍ ይቻላል። የግዕዝ ፊደል በቢላ ጀርባ ሲጻፍ ጥሩ ይወጣል፤ ለሠርግ የሁለቱን ሙሽሮች ፊደል ጎን ለጎን ማድረግ እንደሚያምር አስባለሁ።

ሥዕሉ ሲያልቅ በስንጥር እስከ ታች ድረስ አሥር ያህል ቀዳዳ ይብሱ፤ ቀዳዳዎቹን በሥዕሉ መስመር ላይ ካደረጓቸው አይታዩም። ካልተበሳ በእንፋሎት ይነፋና ሥዕሉ ይሰነጠቃል።

መጋገር

ኦቨኑን በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ አስቀድመው ያሙቁ። ጋታውን መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አድርገው ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋግሩ። ላዩ ሲቀላ ብቻ አያውጡት፤ ጠርዙን በቢላ አንሥተው ሥሩም መጠየሙን ይመልከቱ። ላዩ ፈጥኖ ከጠቆረ ፎይል ጣል ያድርጉበት። ኦቨን የሌለው ሰው በሰፈሩ ዳቦ ቤት ቢያስጋግር ይሻላል፤ በምጣድ ላይ መጋገር ቢቻልም ለመብሰል መገልበጥ ስላለበት ሥዕሉ ይበላሻል።

ከወጣ በኋላ በወንፊታማ መደርደሪያ ላይ ያቀዝቅዙት። ትኩሱን መቁረስ ያጓጓል፤ ኾሪዙ ግን ገና አልረጋም፣ እንደ አሸዋ ይፈስሳል። ቢያንስ 40 ደቂቃ ይታገሡ።

የጾሙ ጋታና ሳንቲሙ

አርመኖች የዐቢይ ጾማቸውን እኩሌታ ሚጪንክ ይሉታል፤ በረቡዕ ቀን ይውላል። እኛ ደብረ ዘይትን እኩለ ጾም ብለን እንደምናከብረው እነርሱም ያችን ቀን ይለዩዋታል። በዚያ ቀን እርሾ የሌለው የጾም ዳቦ ይጋገራል፤ በውስጡም አንድ ሳንቲም ይደበቃል። ዳቦው ሲቆረስ ሳንቲሙ በድርሻው የወጣለት የዓመቱ ዕድለኛ ይባላል።

ለአንድ ትልቅ ክብ 400 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 50 ግራም ስኳርና አንድ ቁንጥር ጨው ያዋሕዱ። 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨምሩና በጣት ይሹ፤ ከዚያ 150 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ለስላሳ ሊጥ እስኪሆን ይሰብስቡት። ሸፍነው ግማሽ ሰዓት ያሳርፉ።

ለውስጡ 150 ግራም ዱቄት በደረቅ መጥበሻ ላይ፣ በዝግተኛ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያምሱት። ፈካ ያለ ቡናማ ሲሆንና መልካም ሽታ ሲሰጥ ወዲያው ከመጥበሻው ያውጡት፤ በጋለ ብረት ላይ ከቆየ ያርራል። ሲቀዘቅዝ 100 ግራም ስኳር፣ 60 ግራም የተከተፈ ዋልነት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና 80 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨምሩበት። ቅቤ የሌለውን ኾሪዝ ጣዕም የሚሰጠው ይህ ማመስ ነው። ዋልነት ውድ ስለሆነ በተቆላ ኦቾሎኒ ቢተካ ነውር የለውም።

አቋጣጠሩ እንደ ፊተኛው ነው፤ ውፍረቱ ግን ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሁን፣ እርሾ የለውምና። ላዩን በእንቁላል ፈንታ ስኳር በበዛበት ወፍራም ሻይ ይቅቡት፤ ቀለምም ብርሃንም ይሰጠዋል። ሳንቲሙን በሳሙና አጥበው፣ አፍልተው፣ በፎይል አጥብቀው ጠቅልለው ከመቋጠርዎ በፊት ኾሪዙ ውስጥ ይቅበሩት። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ሳንቲሙን ይተዉት። ስጦታ ከሆነ ደግሞ ሳንቲም እንዳለበት ለተቀባዩ በግልጽ ይንገሩ፤ የሰው ጥርስ የሚሰበርበት ስጦታ ማንም አይፈልግም። የሚጋገረው በዚያው ሙቀት ለ35 ደቂቃ ነው።

መቼና ከምን ጋር

የፍስኩ ጋታ የአዲስ ዓመት፣ የልደትና የሠርግ ነው። አርመኖች ልደትን ከጥምቀት ጋር አንድ አድርገው ጥር 6 ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ያከብራሉ፤ በእኛ ታኅሣሥ 28 አካባቢ ይውላል። ከልደት ጀምሮ ሲቆጠር በ40ኛው ቀን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የካቲት 14፣ ትርንዴዝ የሚባለው በዓል አለ፤ እሳት ይነድዳል፣ አዲስ ተጋቢዎች በላዩ ይዘልላሉ። በዚያን ቀን ከጋታ ጋር አጋንዝ የሚባል የተቆላ ስንዴ ይቀርባል። ቆሎ ነው፤ አርመናዊ ወዳጅ ያለው ሰው በዚያ ቀን ጋታና አንድ ከረጢት የስንዴ ቆሎ ይዞ ቢሄድ ሁለቱም ቤት የሚያውቀውን ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ከጋታው ጎን ሌላ ነገር ለማስቀመጥ ለሚሹ የደረቀ አፕሪኮት ይስማማል፤ የአርመኒያ ስም ከዚህ ፍሬ ጋር ከጥንት የተያያዘ ነው። አላኒ የሚባለው ደግሞ ፍሬው ወጥቶለት፣ በተከተፈ ዋልነትና ስኳር ተሞልቶ የደረቀ ኮክ ነው።

መጠቅለልና ማቆየት

ጋታው ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አይጠቅልሉት፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ሙቀት ያለው ዳቦ ሲታሸግ ያልበዋል፣ ያማረው ላዩም ይጣበቃል። ከሥሩ በልኩ የተቆረጠ ክብ ካርቶን ያድርጉ፣ ምክንያቱም ቅቤ የበዛበት ዳቦ ሲያዝ መሀሉ ይሰበራል። ከዚያ በመጋገሪያ ወረቀት፣ በላዩ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው በክር ይሰሩት። ላስቲክ ለአንድ ቀን ጉዞ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ግን ልጣጩን ያለሰልሰዋል።

በቤት ውስጥ አራትና አምስት ቀን ይቆያል። በማግሥቱ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይጣፍጣል፤ ስለዚህ ከስጦታው ቀን በፊት ባለው ምሽት መጋገር ጥሩ ነው። ለረጅም ጊዜ ከሆነ በላስቲክ አጥብቀው በበረዶ ማስቀመጫ ውስጥ እስከ ሁለት ወር ያኑሩት። ሲፈለግ በክፍሉ ሙቀት ይቅለጥ፣ ቀጥሎም በ150 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያሙቁት፤ ማይክሮዌቭ ሊጡን ስለሚያጠነክረው አይጠቀሙበት። ይህችን የማሞቂያ መመሪያ በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከክሩ ሥር ቢያስገቡ ተቀባዩ ጋታውን በሚገባው መንገድ ይቆርሰዋል።